ለገበሬው ፓስፖርት፣ ለመርከቡ ናሙና፦ የምላሽ ጽሑፍ

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ ከስልክ ስልክ ሲዘዋወር ነበር። እኔ ጋም ከሦስት ሰው ደረሰኝ። ሁለቱ እዚሁ እንግሊዝ የሚኖሩ ወዳጆቼ ናቸው፤ ሦስተኛው አሰላ ያለው የአክስቴ ልጅ ነው። ጽሑፉ የሚያወራው ስለ እንግሊዝ ስንዴ ገበሬዎች አቤቱታ ነው። ገበሬዎቹ «እኛ የምንጠየቀውን ከውጭ የሚገባው እህል አይጠየቅም» ይላሉ። ጸሐፊው ደግሞ አቤቱታው መሠረት የለውም ባይ ናቸው።

ጥሩ አድርገው ነው የጻፉት። ነገሩን በሩቁ ለሚያውቅ ሰው ያሳምናል። እኔ ግን ከቅርብ አይቼዋለሁ። ተወልጄ ያደግሁት አርሲ ውስጥ፣ ስንዴና ገብስ ከሚያመርት ቤተሰብ ነው። እዚህ ከመጣሁ በኋላ ደግሞ ሊንከንሽር ውስጥ አራት የአጨዳ ወቅት እህል መጋዘን በር ላይ ሠርቻለሁ። ሥራዬ እህል ጭኖ ከሚገባ ከባድ መኪና ላይ ናሙና መውሰድ ነበር። ስለዚህ አንብቤ ማለፍ አልሆነልኝም።

በቅድሚያ ጉዳዩን ለማያውቅ አንባቢ በአጭሩ ላስረዳ። ዓመቶቹን በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

ሬድ ትራክተር፣ ማለትም ቀዩ ትራክተር፣ የእንግሊዝ ትልቁ የእርሻ ማረጋገጫ ሥርዓት ነው። የተቋቋመው በ2000 ነው፤ የእብድ ላም በሽታ ሕዝቡ በምግቡ ላይ የነበረውን እምነት ካናጋ በኋላ። የመንግሥት ሕግ አይደለም። የገበሬ ማኅበራት፣ የምግብ አምራቾችና ሱፐርማርኬቶች የተስማሙበት የግል ሥርዓት ነው። ስኮትላንድ የራሷ አላት። የተመዘገበ ገበሬ በየዓመቱ ይከፍላል፤ ተቆጣጣሪም ይመጣበታል። ተቆጣጣሪው መጋዘኑ ወፍ ያስገባ እንደሆነ ያያል። ለአይጥ የተቀመጠውን መርዝ በካርታ አሳየኝ ይላል። የእርጥበት መለኪያው በትክክል መሥራቱን ይጠይቃል። አምፖሎቹ ተሰብረው ብርጭቆ እህል ውስጥ እንዳይገባ መሸፈናቸውን ያያል። የትኛው መድኃኒት፣ በየትኛው ማሳ፣ በየትኛው ቀን፣ በማን እጅ እንደተረጨ መዝገብ ያገላብጣል። ይህን ሁሉ ያለፈ ገበሬ ተለጣፊ ያገኛል። እህል የጫነ መኪና ከእርሻው ሲወጣ «ፓስፖርት» የሚሉትን ወረቀት ይይዛል፤ ተለጣፊው የሚለጠፈው እዚያ ላይ ነው።

በመርከብ የሚመጣው እህል መንገዱ ሌላ ነው። ብዙውን ጊዜ ከማሳው ጀምሮ የተያዘ መዝገብ አብሮት አይመጣም። የመጣበት አገር ምን ስጋት እንዳለበት ይገመገማል፤ ናሙና ይወሰዳል፤ ቤተ ሙከራ ይመረመራል። ካለፈ፣ ተለጣፊ ካለው የእንግሊዝ እህል ጋር እኩል ይቆጠራል። አንድ ፋብሪካ፣ አንድ ጎተራ ይገባል።

የጸሐፊው መከራከሪያ እኔ እንደተረዳሁት አምስት ነው። ማረጋገጫው በፈቃድ ነው፤ ያልፈለገ መውጣት ይችላል ይላሉ። የውጭው እህል በቤተ ሙከራ ይፈተሻል፣ የአገሩ ግን በወረቀት ብቻ ይታመናል፤ ስለዚህ በደንብ የተፈተሸው እንዲያውም የውጭው ነው ይላሉ። ምግቡ ማሸጊያ ላይ የሚታየው የቀዩ ትራክተር ምልክት ለገበሬው የተሻለ ዋጋ ያስገኛል ይላሉ። የገበሬዎቹ እውነተኛ ፍላጎት ከቁጥጥር ማምለጥ ነው ይላሉ። በመጨረሻም ለእኛ ለአፍሪካውያን ማስጠንቀቂያ አላቸው። ዛሬ በካናዳ ስንዴ ላይ የሚቆም ግንብ ነገ በቡናችንና በሰሊጣችን ላይ ይቆማል፤ ስለዚህ ይህን አቤቱታ ልንደግፍ አይገባም ይላሉ።

ከፈቃደኝነቱ ልጀምር።

በሕግ ካየነው ጸሐፊው ልክ ናቸው። «ለምን አልተመዘገብክም» ብሎ ገበሬ የሚከስ የለም። ነገር ግን ገበሬ እህሉን የሚሸጠው ለዱቄት ፋብሪካ፣ ለብቅል ፋብሪካና ለመኖ ፋብሪካ ነው። ትልልቆቹ ዱቄት ፋብሪካዎች ማረጋገጫ ያለው ስንዴ ነው የሚፈልጉት። መኖ ፋብሪካዎቹም የሚመሩበት የንግድ ማኅበራቸው ሥርዓት አለ፤ እሱም ከአገር ውስጥ ገበሬ የሚገዛ እህል ማረጋገጫ ያለው እንዲሆን ይጠይቃል። ያልተመዘገበ ገበሬ ሁለት ምርጫ ይቀረዋል። ወይ ዋጋ ቀንሶ ለሚገዛው ጥቂት ነጋዴ ይሸጣል፤ ወይ ለራሱ ከብት ይቀልበዋል። ይህን «በፈቃድ» ለማለት እኔ ይከብደኛል።

ያየሁትን ልንገራችሁ። መጋዘኑ ውስጥ በሠራሁበት ሁለተኛ ዓመት ነው፤ ወሩ ነሐሴ። አንድ ሹፌር 29 ቶን ስንዴ ጭኖ መጣ። ናሙና ወሰድኩ። እርጥበቱ 14 ከመቶ። ነቀዝ የለ፣ ሻጋታ የለ፣ መጥፎ ሽታ የለ። እጄ ላይ አፍስሼ ሳየው አባቴ ለዘር የሚያስቀምጠውን ስንዴ አስታወሰኝ። ፓስፖርቱ ላይ ግን ተለጣፊ አልነበረም። የገበሬው ምዝገባ ጊዜው ካለፈ ሁለት ሳምንት ሆኖት ነበር። ተቆጣጣሪው ቀጠሮውን ስላራዘመበት አልታደሰለትም። ሹፌሩ ስልክ ደወለ። ገበሬው ወዲያ ማዶ ሲለምን ይሰማኛል። እኔ ደግሞ መወሰን አልችልም። መኪናው እንደተጫነ ተመለሰ።

በዚያው ሳምንት ከኢሚንግሃም ወደብ የተጫነ የውጭ ስንዴ ገባልን። ማን እንዳመረተው፣ ምን እንደረጨው የሚናገር ወረቀት አልነበረውም። መርከቡ ላይ ናሙናው ተመርምሮ አልፏል። አስገባነው።

ይህ ወደ ሁለተኛው መከራከሪያ ይወስደኛል። ከአምስቱ ክብደት ያለው እሱ ስለሆነ ሰፋ አድርጌ ብመልስ ይሻላል።

መጀመሪያ እውነቱን እውነት እንበል። የውጭው እህል ዝም ብሎ አይገባም። ምርመራው የይስሙላ አይደለም። የፀረ ተባይ ቅሪት፣ የሻጋታ መርዝ፣ ከባድ ብረቶች፣ ሳልሞኔላ ይፈለጋሉ። በምግብና በመኖ ውስጥ ስለሚፈቀደው የቅሪት መጠን የወጣው ሕግም ለአገሩም ለውጭውም አንድ ነው። ከዚህ በላይ ደግሞ፣ ከጀርመንና ከኔዘርላንድስ የሚመጣው እህል ብዙ ጊዜ የእነዚያ አገሮች የራሳቸው የማረጋገጫ ሥርዓት አለው። አንዳንድ የእንግሊዝ ገበሬዎች «ከውጭ የሚመጣው ቆሻሻ ነው» ብለው ሲናገሩ ሰምቻለሁ። ስህተት ነው። እኔ ራሴ ከጀርመን የመጣ በጣም ግሩም ስንዴ በእጄ አፍሻለሁ።

ግን «የአገሩ እህል በወረቀት ብቻ ይታመናል» የሚለው በፍጹም ትክክል አይደለም። ተለጣፊ ያለው መኪናም እኔ የምሠራበት በር ላይ ሲደርስ ይመረመር ነበር። እርጥበቱ ይለካል። የፍሬው ክብደት ይለካል። ለዳቦ የሚሆን ስንዴ ከሆነ ፕሮቲኑ ይለካል፤ ዱቄቱ ሲቦካ ዳቦ ሆኖ መቆም ይችል እንደሆነ የሚነግር ምርመራም ይደረጋል። ነፍሳት ይፈለጋሉ። በዚያ ላይ ገበሬው ስንዴው በሻጋታ መርዝ የመጠቃት ዕድሉ ምን ያህል እንደሆነ አስልቶ ፓስፖርቱ ላይ ይሞላል። ባለፈው ዓመት ማሳው ላይ በቆሎ ነበር? አርሰህ ገለበጥከው ወይስ ሳታርስ ዘራህ? አበባ ሲያወጣ ስንት ዝናብ ዘነበ? ይህ ሁሉ ነጥብ አለው። እንግዲህ የአገሩ ስንዴ በሁለት በር ያልፋል፤ በወረቀቱም በምርመራውም። የውጭው ግን ብዙውን ጊዜ በአንዱ ብቻ።

ናሙና ደግሞ የማያየው ነገር አለ። ናሙና የሚናገረው ዛሬ ፍሬው ላይ ስላለው ነገር ነው። ፍሬው እንዴት እንደተመረተ አይናገርም። አትራዚን የሚባል ፀረ አረም አለ። የአውሮፓ ኅብረት በ2004 ከተፈቀዱት ዝርዝር አወጣው፤ ምክንያቱ የከርሰ ምድር ውኃ መበከሉ ነው። እንግሊዝም አትጠቀምበትም። አሜሪካና ብራዚል ግን በቆሎ ማሳ ላይ እስካሁን በሰፊው ይረጩታል። የሚረጨው በቆሎው ገና ሊበቅል ሲል ወይም ትንሽ ቡቃያ ሳለ ነው። ወራት አልፈው ሲታጨድ ፍሬው ላይ ብዙውን ጊዜ የሚገኝ ነገር የለም፤ ቢገኝም እዚህ ግባ የማይባል ነው። ናሙናው ያልፋል። ውኃው ግን እዚያ ተበክሏል። የተከለከለው ለውኃው ተብሎ ከሆነ፣ ምርመራው የተከለከለበትን ምክንያት ጨርሶ አላየውም ማለት ነው።

ሌላም አለ። ሱፐርማርኬት ገብታችሁ ቀዩ ትራክተር ያለበት ዶሮ ብታነሱ፣ ያ ዶሮ እንግሊዝ ውስጥ ያደገ ነው። የበላው አኩሪ አተር ግን በአብዛኛው ከደቡብ አሜሪካ የመጣ ነው። ያም አኩሪ አተር ዘረመሉ የተለወጠ ሊሆን ይችላል፤ እንግሊዝ ውስጥ ለገበያ እንዲመረት ያልተፈቀደ ዓይነት። በቆሎውም በመርከብ የመጣ ሊሆን ይችላል። ይህን የምለው ዶሮው ጤናማ አይደለም ለማለት አይደለም፤ እኔም ልጆቼም እንበላዋለን። የምለው ይህን ነው፦ ተለጣፊ የሌለው የሊንከንሽር ስንዴ የመኖ ፋብሪካውን በር አያልፍም፤ ማሳው የማይታወቅ በቆሎ ግን ያልፋል፤ ከዚያም ዶሮው የትራክተሩን ምልክት ይለብሳል። ገዥው ምልክቱን ሲያይ ምን ይገምታል? እኔ ለጎረቤቶቼ ስነግራቸው አንዳቸውም አላመኑኝም።

በደንብ የሚያሳየው ግን የጎመንዘሩ ታሪክ ነው። እዚህ በሚያዝያና በግንቦት አገሩን ቢጫ የሚያለብሰው ዘይት የሚወጣው ሰብል ማለቴ ነው። ዘሩ ላይ የሚቀባ ኒዮኒኮቲኖይድ የሚባል ፀረ ተባይ ነበር። ንብ ይጎዳል ተብሎ አበባ ለሚያወጡ ሰብሎች በ2013 ታገደ፤ በ2018 ደግሞ ከቤት ውጭ ለሚዘራ ሁሉ ታገደ። ንብ ከሞተ ሁላችንም ስለምንጎዳ እገዳውን እደግፋለሁ። ግን ከዚያ በኋላ የሆነውን እንይ። ቡቃያውን የሚበላ አንድ ትንሽ ጥንዚዛ አለ። መድኃኒቱ ሲቀር ጥንዚዛው በረታ። በ2012 የአገሪቱ የጎመንዘር ማሳ ከ700 ሺህ ሄክታር በላይ ነበር፤ በ2021 ወደ 300 ሺህ ገደማ ወረደ። ዘይቱ ግን አልቀረም። ዘሩ ከውጭ ይመጣል፤ ከእነዚህ አንዷ አውስትራልያ ናት። እዚያም ሆነ ካናዳ ውስጥ ያው መድኃኒት ዘሩ ላይ ይቀባል። ንቡን እዚህ አድነን እዚያ ገደልነው። ይህ በሬድ ትራክተር ሳይሆን በሕግ የመጣ መሆኑን ማንሳት አለብኝ፤ ጸሐፊውም «ሁለቱን አታምታቱ» ቢሉኝ ልክ ናቸው። ቢሆንም ችግሩ ያው ነው። የምርት መንገዱ ከተጠየቀ ከሁለቱም ይጠየቅ።

እንግዲህ ጸሐፊው አንዱን ይምረጡ። የቤተ ሙከራ ምርመራ ብቻውን እህልን ለማመን በቂ ነው? ከሆነ ለሊንከንሽሩ ገበሬም በቂ ነው፤ ያ መኪና መመለስ አልነበረበትም። በቂ አይደለም፣ ማሳውን ማወቅ ያስፈልጋል? እንዲያ ከሆነ ለመርከቡም በቂ አይደለም። በቂ የሚሆነው ባሕር ሲሻገር ብቻ ነው የሚል ክርክር እስካሁን አልሰማሁም፤ እሳቸውም አላቀረቡም።

ስለ ዋጋው ያሉት ብዙ አያቆየኝም። በስጋና በወተት ላይ ምልክቱ እንደሚረዳ አምናለሁ። እህል ግን ሌላ ነው። ሁሉም ሻጭ የያዘው ነገር ጭማሪ አያስገኝም። ገበያው የሚያውቀው ዋጋ ማረጋገጫ ያለው ስንዴ ዋጋ ነው፤ ከሌለህ ይቀነስብሃል። መርከቡ ደግሞ ያለ ማረጋገጫው ያንኑ ዋጋ ያገኛል።

«ገዥው ያውቃል፣ ለጥሩ ነገር ይከፍላል» ለሚለው ሐሳባቸው ደግሞ የአሳማውን ታሪክ ላስታውሳቸው። እንግሊዝ በ1999 እናት አሳማን መዞር በማትችልበት ጠባብ ብረት ውስጥ ማሰርን ከለከለች። ጥሩ አደረገች። የአውሮፓ ኅብረት እንደ ኅብረት የከለከለው በ2013 ነው፤ ያውም በከፊል። በእነዚያ 14 ዓመታት ውስጥ ከውጭ የሚገባው ርካሽ ስጋ መደርደሪያውን ሞላው፤ የእንግሊዝ እናት አሳማዎች ቁጥር ከሞላ ጎደል በግማሽ ቀነሰ። የእንስሳት በሽታና የምንዛሪ ለውጥም እጃቸው ነበረበት፤ ሁሉን በእገዳው ላይ አልጭንም። ግን ገዥው ያውቃል ይከፍላል የተባለው አልሆነም።

እዚህ ላይ ከገበሬዎቹም ጋር የማልስማማበት አለ። አንዳንዶቹ ከውጭ እህል ባይገባ ይመርጣሉ። አይሆንም። እዚህ አገር ከሚፈጨው ስንዴ ከአምስቱ አራቱ ገደማ የአገር ውስጥ ነው። ለዚህም በ1961 ቾርሊውድ የተባለ ቦታ የተገኘው የዳቦ አሠራር ትልቅ ድርሻ አለው፤ ፕሮቲኑ ዝቅ ያለ ስንዴም ዳቦ እንዲሆን አስችሏል። የቀረው ግን ያስፈልጋል። ጠንካራውን የካናዳ ስንዴ እዚህ ዝናብ ውስጥ ማብቀል ከባድ ነው። ዓመቱ ሲከፋ ደግሞ የግድ ነው። በ2023 መጸው ዝናቡ አላዘራ ብሎ የ2024 የስንዴ ምርት ከ14 ሚሊዮን ቶን ወደ 11 ሚሊዮን ቶን ገደማ ወርዷል። በእንዲህ ያለ ዓመት መርከቡ ባይመጣ ዳቦ ይወደዳል። መርከቡ ይምጣ። እኔ የምጠይቀው በሩ ለሁለቱም አንድ እንዲሆን ነው።

ወደ አራተኛው ልሂድ፤ ገበሬው ከቁጥጥር ማምለጥ ነው የሚፈልገው ወደሚለው።

ይህ አባባል ቅር አሰኝቶኛል። ከሬድ ትራክተር የወጣ ገበሬ ከሕግ አይወጣም። የፀረ ተባይ አጠቃቀም ሕግ አለ። የመኖ ንጽሕና ሕግ አለ። መድኃኒት የሚረጨው ሰው ሠልጥኖ የምስክር ወረቀት መያዝ አለበት። ይህ ሁሉ ተለጣፊ ቢኖርም ባይኖርም የሚጠየቅ ነው። ገበሬዎቹን ያስቆጣው ሌላ ነገር ነው። በጥቅምት 2023 ሬድ ትራክተር አካባቢ ጥበቃን የሚመለከት ተጨማሪ የመመዘኛ ጥቅል ሊያመጣ እንደሆነ አስታወቀ። ጥቅሉ ከሱፐርማርኬቶች ጋር ተመክሮበት ነበር፤ ብዙኃኑ ገበሬ ግን የሰማው እንደ ማንም ሰው ከዜና ነው። ተቃውሞው በረታ፤ ጥቅሉም ቀረ። ከዚያም ስለ አጠቃላዩ የእርሻ ማረጋገጫ ገለልተኛ ግምገማ ተካሄደ። በጥር 2025 የወጣው ያ ግምገማ ሥርዓቱ እንደገና መስተካከል እንዳለበት፣ እርሻ ላይ የሚደረገው ቁጥጥርም እንዲቀንስና እንዲቀናጅ መክሯል። ይህን ያሉት አምላጭ ገበሬዎች አይደሉም። የግምገማው ሰብሳቢ የአንድ ታዋቂ የግብርና ዩኒቨርሲቲ የቀድሞ መሪ ናቸው።

እኔ ደግሞ ከቤቴ የማውቀውን ልጨምር። አርሲ ሳለን አባቴ ለብቅል የሚሆን ገብስ ያመርት ነበር። ገዥ ሲመጣ እርጥበቱን ያያል፣ የፍሬውን ውፍረት ያያል፣ ይበቅል እንደሆነ ይፈትናል። አንዳንዴ አይሆንም ይለዋል። አባቴ ገብሱን ጭኖ ይመለሳል፤ አይናደድም፤ ለሚቀጥለው ዓመት ምን ማስተካከል እንዳለበት እያሰላሰለ ነው የሚገባው። የተናደደበትን ቀን ግን አልረሳውም። አንድ ነጋዴ ከገበሬ ሲቀበል በአንዱ ሚዛን፣ ሲያስረክብ በሌላው እንደሚመዝን ያወቀ ቀን ነው። ከዚያ በኋላ ለዚያ ሰው አንድ ኩንታል አልሸጠም። ሊንከንሽር ውስጥ ያገኘኋቸው ገበሬዎች ሲያወሩ ብዙ ጊዜ የአባቴን ድምፅ ነው የሰማሁት።

የቀረው የአፍሪካው ነገር ነው። ጸሐፊው በጣም የተቆረቆሩበት ይህ ነው፤ እኔም በጣም የማከብርላቸው እዚህ ላይ ነው። ስጋታቸው እውነት ነው። የአውሮፓ ኅብረት በ2023 ያጸደቀው የደን ጭፍጨፋ ሕግ ቡና ሻጩ ቡናው የበቀለበትን ማሳ በካርታ ነጥብ እንዲያሳይ ይጠይቃል። የሚጀምርበት ቀን እየተገፋ ቢመጣም ሕጉ አለ። በሲዳማ ወይም በጅማ ጓሮው ላይ ጥቂት የቡና ዛፎች ያሉት ሰው ይህን በማን ስልክ፣ በማን ገንዘብ ነው የሚያደርገው? የሀብታም አገር መመዘኛ የድሃውን በር ሊዘጋ ይችላል። በዚህ አንከራከርም።

ግን ሁለት ነገር ልበል። አንደኛ፣ እዚህ ጉዳይ ውስጥ ከእንግሊዙ ገበሬ ጋር የሚወዳደረው የሲዳማ ገበሬ አይደለም። ካናዳ ነው፤ ጀርመን ነው፤ አሜሪካ ነው። በግንቦት 2025 የተደረገውን የእንግሊዝና የአሜሪካ የንግድ ስምምነት ይመልከቱ። 1.4 ቢሊዮን ሊትር የአሜሪካ ኤታኖል፣ ማለትም ከእህል የሚወጣ ለነዳጅም የሚሆን አልኮል፣ ያለ ቀረጥ እንዲገባ ተፈቀደ። ያ ኤታኖል የሚሠራው ከበቆሎ ነው። ነሐሴ ላይ ሀል ከተማ አጠገብ የነበረው ትልቅ የባዮኤታኖል ፋብሪካ ምርት አቆመ። በዓመት እስከ አንድ ሚሊዮን ቶን ገደማ የመኖ ስንዴ ሊገዛ የሚችል ፋብሪካ ነበር። እኔ የሠራሁበት አካባቢ ብዙ ገበሬ ይሸጥ የነበረው እዚያ ነው። ይህ የድሃ አገር ገበሬ የተጠቀመበት ነገር አይደለም።

ሁለተኛው ደግሞ ዋናው ነው። ጸሐፊው የገበሬዎቹን ጥያቄ «የውጭውን እህል አግዱ» ብለው ነው ያነበቡት። ብዙዎቹ የሚሉት ተቃራኒውን ነው። «መርከቡን በምርመራ ካመናችሁት እኔንም በምርመራ እመኑኝ» ነው የሚሉት። ይህ ግንብ መሥራት አይደለም። እንዲያውም ያንኑ ሐሳብ ወደ ቡናችን ብንወስደው የሚጠቅመን እኛን ነው፤ ምክንያቱም የእኛ ገበሬ የጎደለው ካርታና ወረቀት እንጂ ጥሩ ቡና አይደለም። በእጁ ባለው ምርት እንዲመዘን መጠየቅ ለጅማውም ለሊንከንሽሩም ያገለግላል።

አንድ ጠንካራ መልስ ግን ጸሐፊው ሊሰጡኝ ይችሉ ነበር፤ ስላልሰጡት እኔው ላንሳው። መርከብ በሺህ የሚቆጠር ቶን ይጭናል። የምርመራው ወጪ ለሦስት ሺህ ቶን ሲከፋፈል ሳንቲም ነው። ለአንድ 29 ቶን መኪና ግን ከባድ ነው። በዚያ ላይ የሻጋታ መርዝ እህል ውስጥ እኩል አይሰራጭም፤ አንድ ጥግ ተከማችቶ ሌላው ንጹሕ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ናሙናው ከብዙ ቦታ መወሰድ አለበት። ይህ እውነተኛ ችግር ነው።

መፍትሔው ግን መጋዘኖቹ ውስጥ አለ። እዚህ አገር ገበሬዎች በጋራ የሚጠቀሙባቸው ትልልቅ ጎተራዎች አሉ። በማረጋገጫው ያልተመዘገቡ ገበሬዎች እህላቸውን በአንድ ክፍል ለብቻ ያስቀምጡ። አምስት ሺህ ቶን ሲሞላ ልክ እንደ መርከብ ሆድ ከየቦታው ናሙና ይወሰድለት። መርከቡ የሚመረመረው ሁሉ ይመረመርለት፤ የስጋት ግምገማውም አይቅርበት። ወጪውን እነሱ ይሸፍኑ። ካለፈ ይግባ፤ ካላለፈ ይመለስ። መመዝገብ የሚፈልግ ደግሞ ይመዝገብ፤ ጥቅሙን ካየ ማንም አይከለክለውም። ብዙው ገበሬ ምናልባት እዚያው ይቆያል። ያኔ በፈቃድ ነው ቢሉኝ አምናለሁ።

ያ የተመለሰው መኪና ከሦስት ሳምንት በኋላ መጣ። ሹፌሩም ያው፣ እህሉም ያው። ናሙናውን የወሰድኩት እኔው ነኝ። እርጥበቱ 14 ከመቶ፤ ነቀዝ የለ፣ ሻጋታ የለ። ፓስፖርቱ ላይ አሁን ተለጣፊ አለ። ማሳው ላይም ስንዴው ላይም የተለወጠ ነገር አልነበረም። በሦስቱ ሳምንት ውስጥ የስንዴ ዋጋ ወርዶ ነበር። ገበሬው የወረደውን ዋጋ ተቀበለ።